ወንድና ሴት ላቭበርዶችን ሳይዋለዱ ማኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጫጩት ሳይፈልጉ ወንድና ሴት ላቭበርድ፣ ማለትም በኬጅ (በሽቦ ቤት) የሚኖሩ ትናንሽ በቀቀኖች፣ ይዘው የተገኙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

ወንድና ሴት በአንድ ኬጅ ካኖርኩ የግድ ጫጩት ያወጣሉ?

የግድ አይደለም፤ ሁለቱም ጤነኛ ከሆኑና ከተስማሙ ግን ማውጣታቸው አይቀርም ብሎ መዘጋጀት ይሻላል። ላቭበርድ ከአንድ ጓደኛ ጋር አጥብቆ የሚቆራኝ ወፍ ነው። ወንዱ የበላውን እያመለሰ ሴቷን ማጉረስ ከጀመረ፣ ሴቷም ወረቀትና ልጥ በቀጭኑ እየሸረከተች ጥግ ጥጉን መፈተሽ ካበዛች፣ ነገሩ ተጀምሯል ማለት ነው።

ብዙ ሰው "ገና ልጆች ናቸው" ብሎ ይዘናጋል። 6 ወር የሞላቸው ላቭበርዶች ሲሳረሩ፣ ሴቶቹም እንቁላል ሲጥሉ ይታያል፤ አካላቸው ግን ለዚህ የሚበቃው አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። ስለዚህ ጫጩት የማይፈልግ ሰው ወፎቹ 5 ወር ሳይሞላቸው ውሳኔውን ቢጨርስ ይመረጣል።

ወንዱን ከሴቷ በምን እለያለሁ?

በቤት ውስጥ በብዛት የሚኖሩት ፊታቸው ሮዝ የሆኑት፣ ፊሸር የሚባሉትና ራሳቸው ጥቁር ጭምብል የሚመስለው ላቭበርዶች በመልክ አይለዩም። ከ9ኙ የላቭበርድ ዝርያዎች መካከል በዓይን የሚለዩት ሦስት ብቻ ናቸው፦ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ የሚኖረው ባለ ጥቁር ክንፉ፣ ባለ ቀይ ራሱና የማዳጋስካሩ ባለ ግራጫ ራስ። በባለ ጥቁር ክንፉ ለምሳሌ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ሲሆን ሴቷ ግንባሯም አረንጓዴ ነው።

ለሌሎቹ አስተማማኙ መንገድ የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ከደረት የተነቀሉ ጥቂት ላባዎች ወይም አንድ ጠብታ ደም ይበቃል። የዳሌ አጥንቶችን በጣት ዳብሶ መገመት የቆየ ልማድ ነው፤ የደረሰች ሴት አጥንቶቿ ይራራቃሉ፣ ያልደረሰችው ግን ከወንዱ አትለይም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። በጠባይ መለየትም አያዋጣም፤ ሁለት ሴቶች እንደ ባልና ሚስት ሲጎራረሱና አንዷ በሌላዋ ላይ ስትወጣ ማየት የተለመደ ነው። ሻጩ "ወንድ ናቸው" ስላለ ብቻ ሁለት ወፎችን በአንድ ኬጅ ማኖር የብዙ ያልታሰቡ ጫጩቶች መነሻ ነው።

የጎጆ ሳጥን ካላስገባሁላቸው እንቁላል አይጥሉም አይደል?

ይጥላሉ። ሳጥኑን ማንሳት የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ፍላጎቱ የበረታባት ሴት በመኖ ዕቃው ውስጥ፣ በኬጁ ወለል ላይ፣ በጨርቅ ድንኳኑ ውስጥ ትጥላለች። ላቭበርድ በዱር ሲኖር የዛፍ ሽንቁርና የድንጋይ ስንጥቅ፣ አንዳንዴም የሌሎች ወፎችን ጎጆ የሚጠቀም ወፍ ስለሆነ ጠበብና ጨለም ያለ ቦታ ሁሉ ጎጆ ሆኖ ይታየዋል።

ለወፍ ማደሪያ ተብለው የሚሸጡትን የጨርቅ ድንኳኖች በተለይ አልወዳቸውም። ጎጆ ሆነው ሴቷን ከማነሳሳታቸውም በላይ ወፉ የሚመዛቸው ክሮች ጣቱ ላይ ተጠምጥመው ያቆስሉታል። ላቭበርድ ለመተኛት ቆጥ እንጂ ቤት አያስፈልገውም።

ጥቂት ጫጩት ቢወጣ ምን ክፋት አለው?

ዋጋውን የምትከፍለው ሴቷ ናት። ክብደቷ ከ50 ግራም ብዙም የማይርቅ ወፍ ከ4 እስከ 6 እንቁላል አንድ ቀን እየዘለለች ትጥላለች። ለቅርፊቱ የሚያስፈልገው ካልሲየም ከምግቧ ካልተገኘ ከአጥንቷ ይወሰዳል። ከዚያ ወደ 23 ቀን ታቅፋ፣ ከወንዱ ጋር ለ6 ሳምንት ያህል በጎጆ ያሉትን ጫጩቶች መግባ ሳትጨርስ፣ ብርሃኑና መኖው ከተመቻት ሌላ ዙር ትጀምራለች። በዱር ዝናቡና የምግቡ ወቅት ሲያበቃ ይህ ይቆማል። በቤት ውስጥ ግን መኖው ዓመቱን ሙሉ አይጎድልም፤ ሙቀቱና መብራቱም አለ። የሚያስቆመው ሰው ከሌለ ማቆሚያ የለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጫጩቶቹ ናቸው። ላቭበርድ በመልካም አያያዝ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። ሁለት ዙር የፈለፈለ ጥንድ 10 ያህል ወፍ ሊያስረክብዎት ይችላል፤ እነዚያም ከወራት በኋላ እርስ በርስ መዋለድ ይጀምራሉ። ለእያንዳንዱ ጥሩ ቤት ማግኘት ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው።

ለየብቻ ማኖር ጭካኔ አይሆንም? ብቻውን የቀረ ላቭበርድ በሐዘን ይሞታል ይባላል።

አባባሉ የተጋነነ ነው። ጓደኛውን ያጣ ላቭበርድ በእርግጥ ይረበሻል፤ ለቀናት ይጮኻል፣ ምግብ ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን ትኩረት ካገኘ ይረጋጋል። ተገልሎ በባዶ ክፍል ማንም ሳያነጋግረው ቢውል ግን ላባውን እስከ መንቀል ይደርሳል። የሚጎዳው መገለሉ ነው።

እዚህ ላይ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ወፎቹን ከመዋለድ ይለዩ እንጂ ከመተያየት አይለዩ። በተለያየ ኬጅ ጎን ለጎን የሚኖሩ ላቭበርዶች ይጠራራሉ፣ አንድ ላይ ይበላሉ፣ ማታም በሚቀራረቡበት ጥግ ፊት ለፊት ይተኛሉ። አንዱን ወደ ሌላ ክፍል ወስዶ መዝጋት ቀላል መፍትሔ ቢመስልም እኔ አልመክረውም።

ሁለቱን ኬጆች እንዴት ላስቀምጣቸው?

ለአንድ ወፍ ርዝመቱ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኬጅ እንደ ዝቅተኛ መጠን ይያዙት፤ ከሰፋ ደግሞ እሰየው። ወፉ የሚበረው ወደ ጎን ስለሆነ ከረጅም ማማ ይልቅ አግድም የሰፋ ኬጅ ይጠቅመዋል። በሽቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ1.25 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው፤ ከዚያ የሰፋ ከሆነ ራሱን አሾልኮ ሊያንቀው ይችላል።

ኬጆቹን አያነካኳቸው። በመካከላቸው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። የተጣበቁ ኬጆች ላይ አንዱ ወፍ ሽቦውን ጨብጦ ሲንጠለጠል ሌላው ጣቱን ይነክሰዋል፤ የላቭበርድ ምንቃር ደግሞ ጣት ይቆርጣል። ቆጦቹን በእኩል ከፍታ ትይዩ አድርገው ያስቀምጡ፤ መኖም በተመሳሳይ ሰዓት ይስጡ። በተንሸራታች የሚዘጉትን በሮች ላቭበርድ በምንቃሩ አንስቶ ይወጣል፤ ወጥቶም ወደ ጓደኛው ኬጅ መግባቱ አያስገርምም። በሮቹን በማያያዣ ይቆልፏቸው።

አንዱን ትልቅ ኬጅ መሃል ላይ በሽቦ ብከፍለውስ?

መክፈያው ድርብ ከሆነ ይሆናል። በነጠላ ሽቦ ከተከፈለ ከላይ ያልኩት የጣት ንክሻ ይደርሳል። ሁለት ሽቦ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አራርቆ መትከል ይቻላል። ሲከፈል ለእያንዳንዱ ወፍ የሚቀረው ቦታ ክንፉን ዘርግቶ ከቆጥ ወደ ቆጥ ለመብረር ካልበቃ ግን ሁለት ኬጅ መግዛት ይሻላል።

ሌሊት ለይቼ ቀን አብረው ከኬጅ ቢወጡስ?

እያዩዋቸው ከሆነ ይቻላል፤ ይህም በጣም ይጠቅማቸዋል። ሁለቱም የኔ በማይሉት ቦታ፣ ከኬጆቹ ራቅ ብለው ይጫወቱ፤ የምትከላከለው ክልል ያላት ሴት ተናካሽ ትሆናለች። ወንዱ ማጉረስ ሲጀምር፣ ሴቷ ጎንበስ ብላ ክንፏን ከፈት ስታደርግ፣ ወይም ሁለቱ ከሶፋ ሥር ወይም ከመጽሐፍ ጀርባ ገብተው መሸሸግ ሲወዱ በየኬጃቸው ይመለሱ።

ለመሳረር ረጅም ጊዜ አያስፈልጋቸውም። ስልክ ለማንሳት ወጥተው እስኪመለሱ ይበቃል። ስለዚህ "ቤት ውስጥ ነኝ" ማለት ጥበቃ አይደለም፤ ዓይን ያስፈልጋል።

ጨርሶ ሳልለያቸው እንዳይዋለዱ ማድረግ ይቻላል?

ፍላጎታቸውን መቀነስ ይቻላል፤ እርግጠኛ መሆን ግን አይቻልም። የሚያነሳሷቸው ነገሮች ብርሃን፣ መኖና ጎጆ ናቸው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነክቶ ሌሎቹን መተው ውጤት ስለማይሰጥ አንድ ላይ መያዝ አለባቸው።

ብርሃኑ ከሁሉ ይበልጣል። ቀኑ ሲረዝም የወፍ አካል የመራቢያው ወቅት ደረሰ ብሎ ይነሳሳል። ሰው እስከ እኩለ ሌሊት መብራት የሚያበራበት ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ላቭበርድ ዓመቱን ሙሉ ረጅም ቀን ነው የሚያየው። ለጥቂት ሳምንታት በየሌሊቱ ከ12 እስከ 14 ሰዓት የሚደርስ ያልተቆራረጠ ጨለማና ጸጥታ ይስጧቸው። አየር የሚያስገባ ጨርቅ ማልበስ ወይም ማታ ማታ ወደ ጸጥተኛ ክፍል መውሰድ ይቻላል።

መኖን በተመለከተ ማስራብ ፈጽሞ አይገባም። መቀነስ ያለበት ቅባት የበዛበት ዘር፣ እንደ ሱፍ ያለው፣ እንዲሁም ሞቅ ያለና ለስላሳ ምግብ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ምግብ ለወፎቹ የጫጩት መመገቢያ ወቅት ምልክት ነው። የተመጠነ የወፍ መኖና አረንጓዴ ቅጠል ይቀጥል። ጎጆ የሚመስለው ሁሉ ከኬጁ ይውጣ፤ ወረቀት፣ ካርቶንና የሚላጥ ቅርንጫፍም አብሮ ይነሳ። ፊታቸው ሮዝ የሆኑት ሴቶች የሸረከቱትን ወረቀት በጀርባቸው ላባ መካከል ሰክተው ስለሚወስዱ ከኬጅ ውጭ ያለውንም ወረቀት ልብ ይበሉ። የቆጦቹንና የመጫወቻዎቹን ቦታ በየጊዜው መቀያየር፣ ኬጁንም ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ማዛወር ይረዳል። ባልተረጋጋ ቦታ ሴቷ ለመጣል ታመነታለች።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ጀርባዋንና ከጅራቷ በላይ ያለውን ቦታ አያሹ። በወፍ ዘንድ ይህ የስሪያ ጥሪ ነው። ራስና አንገት ላይ ማከክ ይበቃታል።

ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች አብረው ቢኖሩ አይሻልም?

ሁለት ወንዶች ብዙውን ጊዜ በሰላም ይኖራሉ፤ ገና ወፍ ያልገዛ ሰው ቢጠይቀኝ በዲኤንኤ የተረጋገጡ ሁለት ወንዶችን እመርጥለታለሁ። ሁለት ሴቶች ግን ይከብዳሉ። በላቭበርድ ዘንድ ሴቷ ከወንዱ ይልቅ ኃይለኛና ክልሏን አጥብቃ የምትጠብቅ ናት፤ ሁለት ሴቶች ሲጣሉ እግርና ምንቃር እስከ መጉዳት ይደርሳሉ። ቢስማሙ እንኳ ሁለቱም ያልዳበረ እንቁላል ሊጥሉ ይችላሉ። በአንድ ቦታ 8 ወይም 10 እንቁላል ካገኙ ሁለቱም ሴቶች መሆናቸውን ይጠርጥሩ።

ወንድና ሴት ያለው ሰው ሦስተኛ ወፍ በማስገባት ነገሩን አረግባለሁ ብሎ አያስብ። የተጣመሩት ሁለቱ ተባብረው አዲሱን ያጠቁታል።

አብረው የተፈለፈሉ ወንድምና እህት ናቸው፤ እነሱም ይሳረራሉ?

አዎ፣ ያለ ምንም ልዩነት። ዝምድና አያግዳቸውም። አባትና ሴት ልጅ፣ እናትና ወንድ ልጅም እንዲሁ። በቅርብ ዘመድ መካከል የሚወጡ ጫጩቶች ደካማና አካለ ጎደሎ የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ጫጩቶች ራሳቸውን ችለው መብላት እንደ ጀመሩ፣ ማለትም በ8 ሳምንት አካባቢ፣ ከወላጆቻቸው መለየት አለባቸው፤ ሌላ ዙር የጀመረች እናት የራሷን ልጆች ልታጠቃም ትችላለች።

ዝርያቸው የተለያየ ከሆነስ?

ይህም ዋስትና አይሆንም። በዓይናቸው ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላቸው እንደ ፊሸርና ባለ ጭምብሉ ያሉት እርስ በርስ ይዋለዳሉ፤ ልጆቻቸውም ይወልዳሉ። ከእነዚህ አንዱ ፊቱ ሮዝ ከሆነው ጋር ሲገናኝ ጫጩት ሊወጣ ይችላል፤ ጫጩቱ ግን መካን ነው። መካን መሆኑ ከፍላጎት አያድነውም፤ ድቅሏ ሴት ጎጆ ትሠራለች፣ እንቁላል ትጥላለች፣ ትታቀፋለች፤ አካሏም ይደክማል።

እንቁላል ከጣለች በኋላ አንስቼ ልጣለው?

አንስተው ባዶ አያድርጉት። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንቁላሏን ያጣች ሴት የጎደለውን ለመተካት ሌላ ትጥላለች፤ እርሱም ሲነሳ ሌላ። እርስዎ ጫጩትን እየከለከሉ እርሷ ግን ካልሲየሟን እያሟጠጠች ትሄዳለች።

የሚሻለው መተካት ነው። በመጠንና በቅርጽ የላቭበርድ እንቁላልን የሚመስል የፕላስቲክ ወይም የሸክላ እንቁላል ይዘጋጅ፤ ርዝመቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። እውነተኛው እንደ ወጣ አንሥተው ሰው ሠራሹን በቦታው ያኑሩ። ይህ ከሌለ እውነተኛውን ለ10 ደቂቃ ቀቅለው፣ በደንብ አቀዝቅዘው፣ በእርሳስ ምልክት አድርገው ይመልሱላት። ይህ መደረግ ያለበት በተጣለበት ቀን ነው። ያልታቀፈ እንቁላል ውስጥ ጽንሱ ማደጉን አይቀጥልም፤ ከታቀፈች ከቀናት በኋላ ግን ሕይወት እያደገ ስለሆነ ማዘግየት ተገቢ አይደለም።

ከዚያ ትታቀፍ። 3 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ተቀምጣ እንደማይፈለፈል ሲገባት በራሷ ትተወዋለች። እስክትተው አይንኳት። ስትተው እንቁላሎቹንም ጎጆ የመሰለውንም ነገር አንስተው፣ ቀኑን አሳጥረው፣ ወንዱን ወደ ራሱ ኬጅ ያዛውሩ። እየታቀፈች ሳለ በድንገት መለየት ሁለቱንም ስለሚያስጨንቅ ትንሽ መታገሡ ይሻላል።

ለያይቻቸው እያለ እንቁላል ጣለች፤ ጫጩት ሊወጣ ይችላል?

ሊወጣ ይችላል። ሴቷ የወንዱን ዘር በአካሏ ውስጥ ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ታቆያለች። ስለዚህ ከተለዩ በኋላ ባሉት 3 ሳምንታት የተጣለውን ሁሉ እንደ ዳበረ ቆጥረው ይተኩ። የዳበረ መሆኑ በትንሽ የእጅ ባትሪ ሲታይ የሚታወቀው ለሳምንት ያህል ከታቀፈች በኋላ ነው፤ ውስጡ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ። ለመከላከል ያ ጊዜ ዘግይቷል።

ከወራት በፊት የተለየች ሴት የምትጥለው ግን ያልዳበረ ነው። ሴት ላቭበርድ እንደ ዶሮ ያለ ወንድም ትጥላለች።

ብቻዋን ሆናም መጣል አላቆመችም። ምን ላድርግ?

ብርሃን፣ መኖ፣ ጎጆ፣ መዳሰስ፤ ከላይ የተነሱትን ሁሉ እንደገና በጥብቅ ይፈትሹ። መስታወትና የምታጎርሰው መጫወቻም ካለ ይነሳ፤ ለእርሷ ጓደኛ ነው። ከጎኗ ያለው ወንድ ጥሪ እያነሳሳት ከሆነ ለጥቂት ሳምንታት በኬጆቹ መካከል መጋረጃ ማድረግ ይቻላል። የካትልፊሽ አጥንት (ወፎች ለካልሲየም የሚቆረጥሙት የባሕር እንስሳ ነጭ ቅርፊት) ሁልጊዜ በኬጇ ውስጥ ይኑር፤ ዘር ብቻ የምትበላ ወፍ ካልሲየም ይጎድላታል። ካልሲየሙ እንዲሠራ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ በመስታወት ያልተጣራ የፀሐይ ብርሃን፣ ጥላ ባለበት ቦታ፣ በጥንቃቄ ይስጧት።

አደጋው እንቁላሉ በሆዷ ተይዞ መቅረቱ ነው። ላባዋን ነፍታ በወለሉ ላይ ከተቀመጠች፣ ካማጠችና ምንም ካልወጣ፣ ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ፣ እግሯ ከዛለ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ። በሞቀና እርጥበት ባለው ቦታ አስቀምጠው ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። ሆዷን አይጫኑ፣ እንቁላሉን በእጅ ለማውጣትም አይሞክሩ፤ ውስጧ ከተሰበረ ይገድላታል።

እንደ ውሻና ድመት ማምከን አይቻልም?

በወፍ ላይ የማምከን ቀዶ ሕክምና እንደ መከላከያ አይሠራም። የመራቢያ አካሎቻቸው ከጀርባ አጥንት ሥር ከትላልቅ የደም ሥሮች ጋር ተጣብቀው የሚገኙ በመሆናቸው አደጋው ከጥቅሙ ይበልጣል። መጣል ያላቆመች ሴት ካለች ግን በወፍ የሠለጠነ ሐኪም ዴስሎሬሊን የተባለውን፣ ከቆዳ ሥር የሚቀበር የሆርሞን መድኃኒት ሊሰጣት ይችላል። ለወራት ያቆማል፤ ከዚያ ይጠፋል፤ ከወፍ ወፍ የሚቆይበት ጊዜም ይለያያል። ኬጅ መለየትን የሚተካ አድርገው አይቁጠሩት፤ አካሏ ለተዳከመ ሴት ግን ሕይወት ያተርፋል።

ለወራት ለያይቼ ካቆየኋቸው በኋላ መልሼ አንድ ላይ ላድርጋቸው?

ጫጩት አሁንም ካልፈለጉ ምክንያት የለም። "ረስተውታል" የሚለው ግምት አይሠራም፤ ሲገናኙ በቀናት ውስጥ ወደ ማጉረስ ይመለሳሉ። ለቦታ ጥበት ወይም ለጉዞ ግድ ከሆነብዎት ቀኑ አጭር በሚሆንበት ወቅት፣ ጎጆና ወረቀት በሌለበት፣ ለሁለቱም አዲስ በሆነ ኬጅ ያገናኙአቸው። ወንዱን በሴቷ ኬጅ ውስጥ አያስገቡ፤ የቀድሞ ጓደኛዋ ቢሆንም ልታቆስለው ትችላለች። ሁለት የመኖና ሁለት የውኃ ዕቃ ይኑራቸው፤ ሰው ሠራሽ እንቁላሎቹንም ከአጠገብዎ አያርቁ።